ፍሊፓንት እና የዳይሬክተሯ ጥርስ

[ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንሠራበት ቤት፣ የኋላው ክፍል። ጠረጴዛው ላይ ሰም፣ ጄሶ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የማለስለሻ ሞተር፣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ አንድ ሙሉ የላይ ጥርስ አለ። ደንበኛ ከሚቀመጥበት ከፊተኛው ክፍል የሚለየን አንድ ስስ በር ነው። እኔ ተቀምጫለሁ፤ አማቼ ቆሟል። አማቼ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። እሱ ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ከመስማቴ በፊት የሚገባኝ ነኝ። ቤተሰቡ እንዲህ ብሎ ነው የሚያውቀን።]

እኔ፦ ምስጋና ነው አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?

አማቼ፦ እሺ ጋሼ፣ ምስጋና ይሁን። ግን እትዬ ዳይሬክተሯ ሲሉት ፊታቸው የምስጋና አይመስልም ነበር።

እኔ፦ ጥርስ የሌለው ሰው ፊት ምን እንዲመስልልህ ፈልገህ ነው? ከንፈሩ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ! ጥርስ የሌለው ሰው እጅህን ስሞ ቢያመሰግንህም የተቆጣ ነው የሚመስለው። ይሄ የሙያ ጉዳይ ነው።

አማቼ፦ ቅንድባቸውም ተቆጥቶ ነበር።

እኔ፦ ቅንድብ የኛ ክፍል አይደለም። እኛ ከአፍንጫ በታች ነን። እስቲ ቃሉን ድገምልኝ።

አማቼ፦ ፍሊፓንት።

እኔ፦ ፍሊፓንት! አየህ? ሲሰሙት ራሱ ደስ አይልም? እንግሊዝኛ እንደዚህ ነው፤ ስድቡ ከባድ ነው፣ ምስጋናው ደግሞ ምላስ ላይ ይንሸራተታል።

አማቼ፦ ታዲያ ምን ማለት ነው?

እኔ፦ ፍሊፓንት ማለት... [ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጉሮሮዬን የምጠርገው የማላውቀው ነገር ሲጠየቅ ነው። ሚስቴ ይሄን ከደረሰችበት ቆይታለች፤ አማቼ ግን የጄሶ ብናኝ ይመስለዋል።]

አማቼ፦ [ውሃ እያቀበለኝ] ይሄ ጄሶ ሊገልህ ነው ጋሼ፣ ጠጣ።

እኔ፦ ፍሊፓንት ማለት ቀልጣፋ፣ እጁ የሚፈጥን፣ ሲሠራም ሲናገርም የማይደናቀፍ፣ ባጭሩ ሁለገብ ሰው ማለት ነው።

አማቼ፦ እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ!

እኔ፦ እኔን ለምን? አንተን ነው ያሉት፤ እንኳን ደስ ያለህ!

አማቼ፦ እኔንማ... እንግዲህ ቤተሰብ ነን፣ ደስታው ለሁላችን ነው። ግን ጋሼ፣ እትዬ ያሉት እኮ...

እኔ፦ ቆይ፣ አታቋርጠኝ። ይልቅ የዛሬውን አስብ። ዛሬ ዳይሬክተሯ ይመጣሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ቀጥ አድርገው ሲያስተዳድሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ ዋዛ አያውቁም። ይመጡና ጥርሳቸውን ይወስዳሉ። ከጥርሱ ጋር ደግሞ...

አማቼ፦ [አንገቱን ደፍቶ] መልሱን ይነግሩኛል።

እኔ፦ ልጃቸውን ይሰጡህ እንደሆን።

አማቼ፦ ስጠይቃቸው «እኔ ያለ ጥርስ ቁም ነገር አልናገርም፤ ጥርሴን ግጠምልኝና የዚያን ጊዜ መልስህን ትሰማለህ» አሉኝ። ልጅቷማ እሺ ካለች ቆየች። ግን «እናቴ ሳትፈቅድ ከቤት አልወጣም» ነው የምትለው። ጋሼ፣ እኔ ሌላ ሴት አልፈልግም። እትዬ ዛሬ እምቢ ካሉኝ በቃ፣ ከሰው ጥርስ ጋር ነው የማረጀው።

እኔ፦ ምን እምቢ ይሉሃል! ፍሊፓንት ካሉህ በኋላ? ነገሩማ ያን ቀን ነው ያለቀው።

አማቼ፦ እንዴ፣ እኔን መቼ...

እኔ፦ እስቲ የዚያን ቀኑን ከሥሩ አስታውሰኝ። የሰሙን ጥርስ አፋቸው ውስጥ የሞከርንበት ዕለት ነው አይደል?

አማቼ፦ አዎ። እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ ቢላዋዬን ይዤ።

[በእኛ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከዋናው ጥርስ በፊት በሰም ናሙና እንሠራለን። የፊት ጥርስ ቁመት የሚገኘው ሰውየው ከልቡ ሲስቅ ነው። ለፎቶ ሲስቅ ከንፈሩ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከልቡ ሲስቅ ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እዚያ ጋ ሰሙ በቢላዋ ይጫራል። ስለዚህ አንዳችን እናስቃለን፣ አንዳችን እንጭራለን። አሳቂው እኔ ነኝ። የሾመኝ የለም።]

እኔ፦ ከዚያስ?

አማቼ፦ ከዚያ እትዬ «ይሄ ጥርስ ስንት ጊዜ ያገለግለኛል?» ብለው ጠየቁ።

እኔ፦ አስታወስኩ! እኔ ደግሞ «ኧረ እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ እርስዎን ይቀብራል!» አልኳቸው። [ሳቄ አመለጠኝ] ኧኸ! ከየት እንደሚመጣልኝ እኮ አላውቅም። እንዴት ሳቁ!

አማቼ፦ አልሳቁም ጋሼ።

እኔ፦ አልሳቁም?

አማቼ፦ አንተ ነህ የሳቅኸው። ከዚያ ስልክ ተደወለልህና እየሳቅክ ወጣህ።

እኔ፦ ልክ ነው፣ ወጣሁ። እንግዲህ እኔ ከወጣሁ በኋላ የሆነው ሁሉ ያንተ ነው። እሺ፣ ከወጣሁ በኋላ ምን አደረጉ?

አማቼ፦ በሩን አዩት። እንዲህ አድርገው፣ ቆየት ብለው። ከዚያ «ፍሊፓንት!» አሉ።

እኔ፦ በሩን ለምን ያያሉ?

አማቼ፦ እኔ ምን አውቄ።

እኔ፦ እያሰቡ ነዋ! የተማረ ሰው ሲያስብ በር ያያል። አንተን አመዛዝነው፣ ቃል መርጠው፣ ፍሊፓንት አሉህ። አንተስ ያኔ ምን አደረግህ?

አማቼ፦ ሰሙን ጫርኩት።

እኔ፦ መቼ?

አማቼ፦ «ፍ» ሲሉ። ከንፈራቸው ብድግ ሲል አየሁ። ይሄ ካለፈኝ ሌላ አላገኝም ብዬ ጫርኩት።

እኔ፦ [ብድግ ብዬ] ሳይስቁ? ሳይስቁ ጫርከው? ይሄ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ጥርስ የተለካው በሳቅ አይደለም ማለት ነው? በቁጣ ነው?

አማቼ፦ በምስጋና ነው ያልከኝ ጋሼ።

[ሞተሩ ብቻ ይዞራል፤ ማጥፋት የረሳሁት እኔ ነኝ። በልቤ አንድ ነገር ከነከነኝ። መነጽሬን አወለቅኩ። ይሄ መነጽር ለማየት አይደለም፣ ለማውለቅ ነው። ከዚያ ስልኬን ከጋውኔ ኪስ አወጣሁ።]

አማቼ፦ ማን ደወለ?

እኔ፦ ማንም። እንዲያው... አንተ እርግጠኛ እንድትሆን ብዬ ነው እንጂ እኔማ አውቀዋለሁ። መዝገበ ቃላቱን ልይልህ። ፍ... ሊ... ይሄው! [አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።]

አማቼ፦ ምን ይላል?

እኔ፦ ኔትወርኩ ጥሩ አይደለም።

አማቼ፦ አንብበህ የጨረስክ መሰለኝ።

እኔ፦ እሺ! እሺ፣ ስማ። «ቁም ነገርን እንደ ዋዛ የሚያይ፤ ክብደት ያለውን ነገር አቅልሎ የሚናገር፤ በማይቀለድበት የሚቀልድ።»

አማቼ፦ [ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠና ትከሻዬን ያዘኝ] አይዞህ ጋሼ።

እኔ፦ እኔ ምን ሆንኩና ነው አይዞህ የምትለኝ? አይዞህ የሚያስፈልግህ አንተ ነህ! ሴትዮዋ ቧልተኛ ነው ብለውሃል እኮ! ለቧልተኛ ደግሞ ልጁን የሚሰጥ የለም!

አማቼ፦ እኔን? ኧረ ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ያሉት...

እኔ፦ ያሉትንማ አሁን አነበብኩልህ! ወይኔ ጉዴ! እህትህ ብትሰማ ምን ትለኛለች? «ወንድሜን እንደ ልጅህ ያዘው» ብላ ነው የሰጠችኝ። እኔ ግን ከጎኔ ቧልተኛ ሳሳድግ አላየሁም።

አማቼ፦ ቧልተኛና ቀልደኛ አንድ ነው?

እኔ፦ የለም የለም፤ አጠቃቀሙን ካላወቅህ ቃሉ አይገባህም። በምሳሌ ላሳይህ። የሰው ቤት ይቃጠላል። ሰውየው ቆሞ ያለቅሳል። አንተ ትሄድና «ምን አለበት፣ ለብርድ ጥሩ ነው» ትለዋለህ። ይሄ ፍሊፓንት ነው።

አማቼ፦ ልብስ ሰፊው።

እኔ፦ የቱ ልብስ ሰፊ?

አማቼ፦ ጎረቤታችን። ሱቁ የተቃጠለ ጊዜ «ከእንግዲህ ካውያ አትገዛም» ብለኸው ነበር።

እኔ፦ እሱ ሌላ ነው! እሱ ማጽናናት ነው።

አማቼ፦ ታዲያ ከዚያ ወዲህ ለምን ሰላም አይለንም?

እኔ፦ ሥራ በዝቶበት ይሆናላ! ሌላ ምሳሌ ልስጥህ። ሰው ይታመማል፣ ሆስፒታል ይተኛል። አንተ ልትጠይቅ ትሄዳለህ። የሕመሙን ነገር ትተህ...

አማቼ፦ እናቴ።

እኔ፦ እናትህ ምን ሆኑ?

አማቼ፦ የተኛች ጊዜ መጥተህ «አልጋው ጥሩ ነው፤ ለመክረም ያሰቡ ይመስላሉ» አልካት።

እኔ፦ እሳቸውማ ስቀዋል! ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቁት!

አማቼ፦ ሳል ነበር ጋሼ። ነርሷ መጥታ ኦክስጅን አደረገችላት።

እኔ፦ ... ሳል ነው?

አማቼ፦ ሳል ነው። ሌላም አለ፤ የራስህ ሠርግ ላይ...

እኔ፦ በቃ ምሳሌ ይቅር! ምሳሌ ነገር ያበላሻል። ትርጉሙን ያዝ። ቀልድ ማለት ሰውየውን አይተህ የምትናገረው ነው። ምን ሆኗል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ምን ያቀልለታል ብለህ ታየዋለህ፤ ከዚያ ትናገራለህ። ቧልት ግን ቀልዱን ብቻ ነው የምታየው፣ ሰውየውን አታየውም። ገባህ?

አማቼ፦ አሁን ገባኝ። አንተ ግን ይሄን ካወቅህ...

እኔ፦ ማወቅማ አውቃለሁ! [ይሄን ስናገር የግድግዳው መስታወት ፊት ለፊቴ ነበር። ፀጉሬን አስተካከልኩበት።] አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያድንህ። ቁም ነገረኛ መሆን አለብህ። ከአሁን ጀምሮ።

አማቼ፦ እንዴት ነው የሚኮነው?

እኔ፦ መጀመሪያ ፊት። ፊትህን የባንክ ዘበኛ አድርገው። ጥርስህን አታሳይ።

አማቼ፦ ጥርስ ሠሪ ሆኜ?

እኔ፦ የእሳቸውን ነው የምታሳየው፣ ያንተን አይደለም! ሁለተኛ፣ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ። ሦስተኛ፣ ምንም ቢሆን አትሳቅ። ጣሪያው ቢወድቅ አትሳቅ። እስቲ እንለማመድ። እኔ ዳይሬክተሯ ነኝ። [ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከንፈሬን ወደ ውስጥ ሳብኩ] «እንደምን ዋልክ ልጄ?»

አማቼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ።

እኔ፦ ጥሩ ነው። «ለመሆኑ ልጄን ብሰጥህ ምን ታደርግላታለህ?»

አማቼ፦ ጥርስ።

እኔ፦ ምን ጥርስ? ልጅቷ ሠላሳ ሁለቱም አላት!

አማቼ፦ ሲያልቅስ?

[ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወንበሩን ደግፌ ሳቅኩ። አማቼ ፊቱ ንቅንቅ አላለም።]

አማቼ፦ ጋሼ አትሳቅ፤ እየተለማመድን ነው።

እኔ፦ ልክ ነህ፣ ልክ ነህ። እንቀጥል። «ልጄ፣ ቤትህ ስንት ክፍል ነው?»

አማቼ፦ አንድ ክፍልና ግማሽ እትዬ።

እኔ፦ «ግማሹ የማን ነው? የአይጥ ነው?»

አማቼ፦ እትዬ እንደዚህ አይሉም።

እኔ፦ ቢሉስ? ለመፈተን ነው! አንተ ዝም በል፣ ዘበኛ ሁን። «አማችህስ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

አማቼ፦ [አሰበ። ረዥም ጊዜ አሰበ።] ጥሩ ሰው ነው እትዬ። ክፋት የለበትም። አፉ ብቻ ነው ከሱ ቀድሞ የሚደርሰው።

እኔ፦ ይሄን አትበል።

አማቼ፦ የተጠየቅኸውን መልስ አላልከኝም?

እኔ፦ ይሄን ከጠየቁህ «ደህና ነው» ብለህ እለፍ! በል...

[የፊተኛው በር ተንኳኳ። አማቼ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አነሣ።]

አማቼ፦ ጋሼ፣ አብረኸኝ አትገባም?

እኔ፦ የለም፤ ብቻህን ግባ። እኔ ከገባሁ ትስቃለህ። ፊት?

አማቼ፦ ዘበኛ።

እኔ፦ ሂድ። እግዜር ይርዳህ።

[ገባና በሩን ዘጋው። እኔ ባዶ ብርጭቆ በሩ ላይ ለጥፌ ጆሮዬን አስደገፍኩ። ብርጭቆው የደንበኛ ጥርስ የሚቀመጥበት ነው፤ የሚሰማው ነገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ የአፍ ማጠቢያ ይሸታል።]

እኔ፦ [ለራሴ] ወንበር ተሳበ... ተቀመጡ። እሱ ምንም አይልም። ደግ ነው፣ ዝም በል። ... አሁን ጥርሱን እያስገባ ነው። ... ዝም አሉ። መስታወት እያዩ ነው። ... እየተናገረ ነው። ምንድነው የሚለው? ቀስ ብሎ ነው፣ ወይ ጣጣ፣ ይሄ ልጅ ሲያወራም እንደ ሰም ነው የሚቀልጠው...

[በዚህ መካከል ከበሩ ወዲያ አንድ ቃል ጥርት ብሎ መጣ። ብርጭቆም አላስፈለገውም። «ፍሊፓንት!»]

እኔ፦ አለቀልን! ደገሙት! [በርከክ አልኩ] ወይኔ፣ ያ ምስኪን ልጅ! ሌላ ሴት አልፈልግም ያለው ልጅ! ከሰው ጥርስ ጋር ሊያረጅ ነው። ለእህቱ ምን ብዬ ልንገራት?

[በሩ ሲከፈት ግንባሬን መታኝ። አማቼ ገባ። ፊቱ የባንክ ዘበኛ ነው። ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።]

እኔ፦ እህሳ?

አማቼ፦ [እጁን በፎጣ ይጠርጋል።]

እኔ፦ ተናገር እንጂ! እምቢ አሉ አይደል? ተወው፣ እኔ ራሴ ሄጄ እለምናለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ...

አማቼ፦ እሺ አሉ።

እኔ፦ ምን?

አማቼ፦ «ልጄን አደራ» አሉኝ።

እኔ፦ ታዲያ ምን ሆነህ ነው የሞተበት ሰው የምትመስለው?

አማቼ፦ አትሳቅ ብለኸኛል። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገርከኝም።

እኔ፦ ተወው! አሁን ተወው!

[ሳቀ። አማቼ ሲስቅ ሁሉም ጥርሱ ይታያል፤ አንድም የእኛ ሥራ የለበትም። አቀፍኩት። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።]

እኔ፦ ቆይ፣ ቆይ። «ፍሊፓንት» ሲሉ ሰማኋቸው እኮ!

አማቼ፦ እኔ ነኝ ያስባልኳቸው። ጥርሱን ካስገባሁ በኋላ «አንድ ነገር ይናገሩና ልየው» አልኳቸው። «ምን ልበል?» አሉኝ። «ያን ቀን ያሉትን ይድገሙልኝ፤ የተለካው በሱ ነው» አልኳቸው። አሉት። ልክክ አለ ጋሼ! ምንም ፉጨት የለውም።

እኔ፦ ቀጥለህስ?

አማቼ፦ ቀጥዬ፣ ቁም ነገረኛ ሁን ስላልከኝ፣ «እትዬ፣ ቧልተኛ ነህ ስላሉኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኩ። ቅንድባቸውን አነሡና «አንተን? አንተ መች ቀልደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዚያ በሩን አዩት።

እኔ፦ በሩን?

አማቼ፦ ከበሩ ኋላ ያለውን።

[ዞር ብዬ አየሁ። ከበሩ ኋላ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።]

እኔ፦ እኔን ነው?

አማቼ፦ አዎ ጋሼ።

እኔ፦ ያን ቀንም?

አማቼ፦ ያን ቀንም።

እኔ፦ ታውቅ ነበር?

አማቼ፦ እኔማ እዚያው ነበርኩ።

እኔ፦ ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ!

አማቼ፦ ልነግርህ ስል «ቆይ» ትለኛለህ። ደግሞ አንተ የጠየቅኸኝ ትርጉሙን ነው፤ ማንን እንዳሉ አልጠየቅኸኝም። መጀመሪያ ምስጋና ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩህ። ስድብ ነው ስትለኝ ደግሞ አዘንኩልህና «አይዞህ» አልኩህ። በኋላ አንተ እኔ ላይ ስትጮህ፣ ስድቡን ለቤተሰብ ያካፈልከው መሰለኝ። እንግዲህ የድርሻዬን ልቻል ብዬ ዝም አልኩ።

[ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ያ ሁሉ ምሳሌ፣ ልብስ ሰፊው፣ የአማቴ ሳል፣ አንድ በአንድ መጣብኝ።]

እኔ፦ ሌላስ ምን አሉ?

አማቼ፦ ልጃቸውን ለምን እንደሰጡኝ ነገሩኝ። ያን ቀን አንተ ስትወጣ ጥያቄውን ደግመውት ነበር። «ስንት ጊዜ ያገለግለኛል?» አሉኝ። እሳቸው እኮ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ለብቻቸው ለሚበሉት ምሳ ጥርስ ማሠራት ይገባል ወይ እያሉ ሲጨነቁ ነው የመጡት። የምር ነበር የጠየቁት።

እኔ፦ አንተስ ምን አልካቸው?

አማቼ፦ «እኔ እስካለሁ ድረስ፣ በተሰበረ ቁጥር እጠግንልዎታለሁ» አልኳቸው። ሌላ የምለው ነገር አልመጣልኝም።

[እኔም የምለው አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ዓመት ጥርስ ስሠራ አንድም ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም።]

አማቼ፦ ጋሼ፣ እትዬ እዚያው ናቸው። «ያ ሰው ይምጣና አዲሱን ጥርሴን ይይልኝ» ብለዋል።

እኔ፦ እኔ? አልገባም! በጓሮ እወጣለሁ።

አማቼ፦ ጓሮ የለንም። ግባና ይቅርታ በል። ይቅርታ ብቻ። ሌላ አትጨምር። ፊት?

እኔ፦ ዘበኛ።

አማቼ፦ ጣሪያው ቢወድቅ?

እኔ፦ አልስቅም። አልቀልድም። ይቅርታ ብቻ።

[በሩን ከፈተልኝ። ዳይሬክተሯ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ከንፈራቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። ቅንድቡ ያው ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።]

አማቼ፦ [ለሳቸው] ጄሶ ነው እትዬ።

እኔ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ቀን የምርዎን ጠየቁኝ፣ እኔ ግን ሳላይዎት ቀለድኩብዎት። አሁን ነው የገባኝ።

[ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አማቼ በክርኑ ጎሸመኝ፤ «በቃ» ማለቱ ነው። እኔ ግን ጥርሱን አየሁት፣ እሳቸውንም አየኋቸው፣ አፌም ከእኔ ቀድሞ ደረሰ።]

እኔ፦ ይሄ ጥርስ እርስዎን ይቀብራል ብዬ ነበር፤ ይኸው ዛሬ እኔን ቀበረኝ።

[ቅንድቡ መጀመሪያ ወደ ላይ ሄደ። ቀጥሎ ዳይሬክተሯ ሳቁ። እንደ ፎቶ አይደለም፤ ከልባቸው፣ ከንፈራቸው እስከ መጨረሻው ሄዶ ሳቁ። በቁጣ የተለካው ጥርስ ያንን ሳቅ አልቻለም። ከላይ ቀጭ አለና ወርዶ መዳፋቸው ላይ አረፈ። እሳቸው ጥርሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንባቸውን እየጠረጉ በባዶ ድዳቸው «ፍሊፓንት!» አሉኝ።]

እኔ፦ ሰማህ? ደገሙልኝ! ዛሬም ያው ነኝ!

አማቼ፦ [ቢላዋና ሰም እያነሣ] አይዞህ ጋሼ፣ ያለ ጥርስ ነው ያሉት። አይቆጠርም።